እሽጉና የሚሰወረው ዘይት

ሰውየው የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው በር አንኳኩቶ፣ የሰው ግቢ ገብቶ፣ አጎንብሶ ቁጥር ጽፏል፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ግን አንድ ቀን እንኳ ቆጣሪው የነገረውን አምኖ ቀና ብሎ አያውቅም። መጀመሪያ ቆጣሪውን ያያል። ቀጥሎ ባለቤቱን ያያል። ከዚያ የባለቤቱን ውሻ ያያል፤ ውሻው ዓይኑን ከሰበረ አለቀ፣ እዚያ ቤት አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ከኪሱ ሦስት ነገር አይለይም፦ የእርሳስ ማኅተም፣ ፀጉር የምታህል ሽቦ፣ ማኅተሙን ከሽቦው ጋር ጨፍልቆ የሚያትምበት ፒንሳ። ሰፈርተኛው "እሽጉ" ያለው ለዚህ ነው። ስሙን ይውደደው ይጥላው አይታወቅም፤ ማን እንዳወጣው እስኪያጣራ ድረስ አስተያየት አልሰጥም ብሏል።

ቤቱም ያው ነው። የስኳሩ ጣሳ ታሽጓል። የብስኩቱ ቁም ሳጥን ታሽጓል። አንድ ሰሞን የጥርስ ሳሙናውን አሽጎት ቤተሰቡ ሁለት ቀን ሙሉ በውኃ ብቻ ሲጉመጠመጥ እንደ ሰነበተ ሚስቱ ትናገራለች። ሚስቱ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ምላሷ ከጽሕፈት መኪናዋ ይፈጥናል። እሷ እንደምትምለው ከሆነ፣ ባሏ ጠዋት ሲነቃ ጥላው ቀድሞት ግድግዳው ላይ ቆሞ ካገኘው "ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የቆምከው?" ብሎ ይጠይቀዋል።

ይህ ሰው በዓለም ላይ ያለ ማኅተም የሚያምነው ሁለት ነገር ብቻ ነበር። አንዱ የታናሽ እህቱ ባል ነው። ሌላዋ ቁጥር ሰባት ናት።

ቁጥር ሰባት ባለ ሪሞት የውድድር መኪና ናት። ርዝመቷ ከክንድ አያልፍም፤ ስትለቀቅ ግን ድመት ዛፍ ላይ፣ እርግብ ጣሪያ ላይ ታወጣለች። የእህቱ ባል ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ባለሙያ ነው፤ ጣቶቹ የቁንጫ ጫማ ቢታዘዙ ልክ ወስደው ይሰፋሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሱ ሠርቷታል፣ እሽጉ ነድቷታል። በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ጠዋት፣ ከቤት ዕቃ መጋዘኑ ጀርባ ባለው የአስፋልት ግቢ፣ ያረጀ የእሳት አደጋ ቱቦ መሬት ላይ እየተጠማዘዘ ይዘረጋና የውድድር መንገድ ይሆናል። የክበቡ ሕግ አጭር ነው፦ ለአንድ መኪና ሁለት ስም፣ አንዱ ነጂ፣ አንዱ ሠሪ። አንዱ ስም ከተሰረዘ ሌላውም ይሰረዛል፤ መኪናዋም ቁጥሯን አስረክባ ትወጣለች። ሕጉን ያወጡት የክበቡ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። አንገታቸው ላይ ያለው ፊሽካ ሲታጠቡም አይወልቅም ይባላል፤ ስለዚህ "እትዬ ፊሽካ" ናቸው።

ነገር የተበላሸው የዓመቱ ፍጻሜ ሊደርስ ሦስት ውድድር ሲቀረው ነው። ቁጥር ሰባት ጥሩ ጀመረች። ሁለት ደቂቃ እንደ ሮጠች ግን ከጥምዙ ስትወጣ የውስጠኛው የኋላ ጎማዋ በባዶ ይሽከረከር ጀመር፤ ቂጧ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ፤ የባለ ፋርማሲው አንጸባራቂ መኪና በጎኗ "ደህና ዋይ" ብሎ አለፈ። ባለ ፋርማሲው ባላጋራቸው ነው። ሲያሸንፍ አይጮህም፣ ፈገግ ይላል። እሽጉ ይህን ፈገግታ ብቻ ሦስት ወር መርምሮታል።

"ዲፈረንሻሉ ነው፣" አለ ጥርስ ሠሪው መኪናዋን አንስቶ። ሊያያቸው የመጣችው እህትየዋ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀች።

"ሁለት ሰው ሶፋ ተሸክሞ ጥግ ሲዞር አይተሽ አታውቂም? የውጪው ይሮጣል፣ የውስጡ ቀስ ይላል። ዲፈረንሻል ሁለቱን ጎማ እንደዚያ ያደርጋቸዋል። ውስጡ ያለው ወፍራም ዘይት ደግሞ አንዱ ሶፋውን ጥሎ ብቻውን እንዳይፈተለክ ያዝ ያደርገዋል።" አንዱን ጎማ በጣቱ አዞረ፤ ሌላው ወደ ኋላ ዞረ። "ማር ውስጥ እንዳለ ማንኪያ ከበድ ማለት ነበረበት። ይኸው፣ እንደ ጣሪያ ማራገቢያ ፉር ይላል።"

ፈቱት። ዲፈረንሻሉ የቡሽ ክዳን የምታህል ፕላስቲክ ናት፤ ውስጧ ትንንሽ ጥርሶች፣ ላይዋ በአራት ብሎን የሚታሰር ክዳን፣ በክዳኑና በቤቱ መካከል ደግሞ ዘይት እንዳያልፍ የሚያደርግ የወረቀት ጓርኒሲዮን አለ፤ ቀለበት የመሰለ፣ ከሲጋራ ወረቀት ትንሽ የሚወፍር። ጥርሶቹ ደርቀዋል።

"ዘይቱ የለም፣" አለ እሽጉ።

"ፈሶ ነዋ።"

"ወዴት?"

"ወደ ውጪ ነው እንጂ ጋሼ፣ ወዴት ይሆናል?"

እሽጉ ዓይኑን አጠበበ። "ውጪ ማን አለ?"

ከዚያች ቀን ጀምሮ ምርመራ ተከፈተ። መጀመሪያ የተጠረጠረው የዘይቱ ጠርሙስ ነው፤ ሁለት ጠብታ ብርጭቆ ላይ አንጠባጥቦ ሩብ ሰዓት አፈጠጠበት፤ ጠብታዎቹ አልተናዘዙም። ቀጥሎ መጋዘን ጠባቂው ተጠረጠረ፤ የሰውየው በር በዚያ ሰሞን እንደ በፊቱ አይጮህም ነበር፣ የኛን ዘይት ቀብቶት ይሆናል ተባለ። ባለ ፋርማሲው ሊጠረጠር አላስፈለገም፤ እሱ ቋሚ ተጠርጣሪ ነው። በመጨረሻም እሽጉ የሙያውን አደረገ። ጥርስ ሠሪው አዲስ ጓርኒሲዮን ካስገባ በኋላ፣ ክዳኑን ሊገጥም ሲል፣ "ቆይ" አለና እርሳስ አወጣ፤ በዚያች ቀለበት ላይ ሙሉ ፊርማውን ከነጭራዋ ፈረመባት።

"ጋሼ፣ ምን እያደረግክ ነው?"

"አሁን ማንም ከፍቶ ቢቀይረው ይታወቃል። ይቺ ወረቀት ከዛሬ ጀምሮ ማስረጃ ናት። ማስረጃ አይጣልም።"

ጥርስ ሠሪው ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ጋሼ ታላቅ ነው፤ የሚስት ወንድም ነው፤ ፒንሳ ይዟል።

ቁጥር ሰባት የምታድረው ጥርስ ሠሪው በሚሠራባት ጠባብ ክፍል ነው። ክፍሏ የጅብሰም ዱቄት ትሸታለች፤ መደርደሪያው ላይ የላይና የታች መንጋጋዎች ተደርድረው ባዶውን ያገጣሉ። መኪናዋ በፎጣ ላይ ትቀመጣለች። ቁልፉ ያለው ሁለት ሰው ዘንድ ብቻ ነው። ታዲያ በየቀኑ፣ ጥርስ ሠሪው ለምሳ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ እሽጉ ከሥራው ሹልክ ብሎ ይመጣል። እጁን ይታጠባል። አራቱን ብሎን ይፈታል። ያችን ቀለበት በጥፍሩ ጫፍ እንደ ሕፃን ሽፋሽፍት ልጦ ያነሳል። ፊርማው አለ። ዘይቱ ቀንሷል። ይሞላል። ያችኑ ቀለበት መልሶ ይገጥማል፤ ብሎኖቹን ካቻቢቴው እስኪያቃስት ያጠብቃል፤ በመጨረሻም የሌባው ጣት እንዲያትምበት ክዳኑ ላይ ቆንጠር አድርጎ ጅብሰም ይነሰንሳል። መንጋጋዎቹ ያያሉ። እሱም መልሶ ያያቸዋል፤ በተለይ ከላይ በስተግራ ያለው አንዱ ሳቁ አላማረውም።

በማግስቱ ፎጣው ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው የዘይት ጠብታ ያገኛል። "ሲሰርቅ አንጠባጠበ" ብሎ በማስታወሻው ላይ ይጽፋል።

ሁለተኛውም ውድድር ተበላሸ፤ ሦስተኛው ባሰ። ቁጥር ሰባት በሦስተኛው ቱቦውን ዘላ እትዬ ፊሽካ ወንበር ሥር ገብታ አረፈች። የቀረው ፍጻሜው ብቻ ነው።

እሽጉ ቤቱ ተቀምጦ አሰበ። በሩ አልተሰበረም። መስኮቱ አልተነካም። ቁልፉ ሁለት ሰው ዘንድ ነው። አንዱ እኔ ነኝ። እኔ አይደለሁም። ሐሳቡ እዚህ ሲደርስ ማስታወሻውን ዘጋ። ሊተወው ሞከረ። ሐሙስ ዕለት ግን ቆጣሪ እያነበበ በአንድ ሻይ ቤት መስኮት ሲያልፍ፣ ጥርስ ሠሪውና ባለ ፋርማሲው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አያቸው። ባለ ፋርማሲው ትንሽ ፖስታ በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገ። ጥርስ ሠሪው ዙሪያውን ቃኘና ፖስታዋን ደረት ኪሱ ከተታት።

አለቀ።

በዚያው ዕለት ሦስት ገጽ ጻፈ። "ከእህቴ ባል ጋር በአንድ መኪና መመዝገብ አልችልም" የሚል ነው፤ ከነምክንያቱ፣ ከነቀኑ፣ ከነጠብታው ስፋት። ፖስታ ውስጥ ከቶ በሽቦ ጠፈረው፤ በእርሳስ ማኅተም አሸገው፤ ላዩ ላይ "ቅዳሜ ቀትር፣ በምዝገባ ሰዓት፣ እኔ ባለሁበት ይከፈት" ብሎ ጻፈበት። ዓርብ ጠዋት ለእትዬ ፊሽካ በራቸው ድረስ ወሰደላቸው።

እሳቸው ተቀብለው ጆሯቸው ሥር ነቀነቁት። "ይፈነዳል?"

"ነገ ይፈነዳል፣" አለ እሽጉ።

ሚስቱ ግን ሲጽፈው በትከሻው ላይ አሻግራ አንብባው ነበርና ለቁርስ ሲመለስ ጠበቀችው።

"ስማ፣ እህትህን ምን ልትላት ነው?"

"እህቴ ምን አገባት? የመኪና ጉዳይ ነው።"

"ባሏ ነዋ! አሥራ አንድ ዓመት እሁድ እሁድ አብረኸው ውለህ፣ ነገ በሰው ፊት ሌባ ትለዋለህ፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ 'እንደምን ዋላችሁ' ብለህ ቤታቸው ልትገባ? መኪናዋም ትሰረዛለች፣ እሱም ይሰረዛል፣ አንተም ትሰረዛለህ። ከዚያ እሁድ እሁድ እኔን ልትመረምር ነው? እኔ አልቻልኩም፣ ከወዲሁ ልንገርህ።"

እሽጉ ሻዩን ቀመሰ። "ስኳሩን ማን ጨመረው?" አለና ወደ ሥራው ሄደ።

የዚያን ቀን የመጨረሻዋ ቤት ባለ ቢጫ በር ናት። ባለቤቷ ባልቴት ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የቆጣሪ አንባቢ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ሰው ሲያጎነብስ ከኋላው ቆመው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ጣቱን ይቆጥራሉ። ዛሬ ቆጣሪው ሥር ኩሬ ተጠራቅሟል።

"እሰይ! መጣህ፤" አሉ። "ውኃዬን የምትሰርቁበትን ቀዳዳ ክፈትና አሳየኝ።"

"እትዬ፣ ማንም አልሰረቀዎትም። የቧንቧው ማያያዣ ነው የሚያፈሰው።" ተንበርክኮ ነካ ነካ አደረገው። የነሐሱ ጠርዝ በመፍቻ ብዛት ተልጧል። "ይህን ማን ፈታው?"

"እኔ ነኛ! በየጠዋቱ እፈታዋለሁ።"

"ለምን?"

"አንተ የሆነ ነገር ከተህበት እንዳልሄድክ ላያ! ጎሚኒውም እንዳይቀየርብኝ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ። ይኸው፣ እስከ ዛሬ ያው የራሴ ነው።" ኮራ አሉ።

እሽጉ ከፈተው። ከውስጡ የወጣው የጎማ ቀለበት ተጨፍልቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ የታኘከ ማስቲካ መስሏል፤ መሐሉ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። ደሙ ፈላ። ሃያ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ የሙያ ንግግር ከአፉ ወጣ።

"እትዬ ይሙቱ! ይሄ ጎሚኒ እኮ አንድ ጊዜ ከተጨመቀ የቦታውን ቅርጽ ይዟል! ከፈቱት አለቀ፣ ሌላ አዲስ ነው የሚገባው! እርስዎ በየቀኑ ይፈታሉ፣ ያንኑ የሞተ ጎሚኒ ይመልሳሉ፣ አይዘጋም ብለው ደግሞ በጉልበት ያጠብቃሉ፤ ያኔ ይጣመማል! ሌባ የለም! ውኃዎን የሚያፈሰው ማነው ቢሉኝ በየቀኑ ሌባ ልያዝ ብሎ የሚከፍተው ሰው..."

ምላሱ እዚያ ላይ ቆመች። አፉ እንደተከፈተ ቀረ፤ ልክ እንደ መደርደሪያው መንጋጋ።

ባልቴቷ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። "ምነው? ምን ሆንክ? አሁን ደግሞ ምን ልትሰርቀኝ አስበህ ነው?"

አዲስ ጎሚኒ ገጠመላቸው። ማስታወሻውን አወጣ። ከፊርማው ቀን ወዲህ የከፈተባቸውን ቀኖች ቆጠረ። ሃያ ስድስት። አንዲቷን የወረቀት ቀለበት ሃያ ስድስት ጊዜ ልጦ፣ ሃያ ስድስት ጊዜ መልሶ፣ ሃያ ስድስት ጊዜ አንቆ አስሯታል። ፎጣው ላይ ያለው ጠብታም የሌባ አይደለም፤ ከመኪናዋ ሥር ቀጥ ብሎ ነበር።

በቀጥታ ወደ እትዬ ፊሽካ ቤት ሮጠ። የሉም፤ ዘመድ ሊጠይቁ ሄደው ነገ ቀትር በቀጥታ ግቢው ይመጣሉ ተባለ። ፖስታውስ? ይዘውት ሄደዋል።

ቅዳሜ ቀትር ግቢው ሞልቶ ነበር። እትዬ ፊሽካ ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው መዝገብ፣ ያች ፖስታና አንድ መቀስ። ጥርስ ሠሪው የመሣሪያ ሣጥኑን ታቅፎ ቆሟል። ባለ ፋርማሲው ፈገግ ብሏል።

"ቁጥር ሰባት!" አሉ እትዬ ፊሽካ፤ መቀሱን አነሱ።

"እትዬ፣ ፖስታውን ይመልሱልኝ።" እሽጉ ላብ በላብ ሆኗል።

"ምን ማለት ነው? 'እኔ ባለሁበት ይከፈት' ይላል። አለህ። ይከፈታል።"

"ሐሳቤን ቀይሬያለሁ!"

"ሐሳብ የሚቀየረው ከመታሸጉ በፊት ነው።" መቀሱ ሽቦውን ነከሰ።

"ይከፈት እንጂ፣ እኛም እንስማ!" አለ ከኋላ አንዱ።

እሽጉ ወደ ጥርስ ሠሪው ዞር አለ። ሰውየው ምንም አላወቀም፤ እንደ ሁልጊዜው "ምን ላቀብልህ፣ ጋሼ?" የሚል ፊት ነው ያለው። አሥራ አንድ ዓመት ይህን ፊት አይቷል፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልመረመረውም ነበር፣ እስከዚህ ወር ድረስ።

"ክስ ነው!" ብሎ ጮኸ እሽጉ። "የዲፈረንሻል ዘይት አጥፊ ላይ የተጻፈ ክስ ነው። ግን የተከሳሹን ስም ተሳስቼ ነው የጻፍኩት።"

መቀሱ ቆመ። "ትክክለኛው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

 ከዚያ እሽጉ ሁሉንም ዘረገፈው፤ ፊርማውን፣ ሃያ ስድስቱን ቀን፣ ጅብሰሙን ሁሉ። መሐሉ ላይ ሳቅ ተነሳ፤ አንዱ ሰው መኪናውን እንደ ታቀፈ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ መጋዘን ጠባቂው ስለ በሩ ሲሰማ "የኔ በር?!" ብሎ ፎከረ። እትዬ ፊሽካ ፊሽካቸውን ሁለቴ ነፉ።

"ራሱን ለሚከስ ሰው ደብዳቤ ምን ያደርጋል? እንካ።" ፖስታውን ወረወሩለት። "ሁለቱም ስም ይጻፍ?"

እሽጉ ወደ ጥርስ ሠሪው ማየት አቃተው።

"ይጻፍ እንጂ፣" አለ ጥርስ ሠሪው። ከደረት ኪሱ ያችን ትንሽ ፖስታ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አራገፋት፤ ሦስት አዳዲስ የወረቀት ቀለበቶች ወደቁ። "የኛ አልቆ ነበር፤ ባለ ፋርማሲውን ለምኜ ነው ያገኘሁት። አንተ እንዳታየኝ ብዬ በድብቅ።"

"ታዲያ ለምን አልቀየርከውም?"

"ፊርማህ አለበታ ጋሼ! ትናንት ልቀይር ከፈትኩት፣ ፊርማህን ሳይ ደንግጬ ዘጋሁት። የተፈረመበትን ወረቀት ማን ይጥላል? ማመልከቻ ልጽፍልህ እያሰብኩ ነበር።"

"አሃ!" እሽጉ ጣቱን ቀሰረ። "ከፍተሃል!"

"ከፍቻለሁ።"

"ጅብሰሙስ?"

"መልሼ ነሰነስኩልህ። ያንተ ነው ብዬ።"

እሽጉ ቀስ ብሎ ጣቱን አጠፈ።

እዚያው ሣጥኑ ላይ ተቀምጠው ሠሩት። ጥርስ ሠሪው የተጣመመውን ክዳን በመለዋወጫ ተካው፣ ቀለበቷን አስቀመጠ፣ ዘይቱን እስከ ጥርሶቹ አናት ሞላ፣ ብሎኖቹን አንዱን ከዚህ አንዱን ከማዶ እያደረገ በሁለት ጣቱ አሰረ። "ጠበቅ ሲል፣ በቃ፤" አለ። ጎማውን አዞረው፤ ሌላው እንደ ማር እየተጎተተ ተከተለ። ያችን የተፈረመባትን ቀለበት በወረቀት ጠቅልሎ ለባለቤቷ መለሰ። እሽጉም የክፍሉን ቁልፍ ከሰንሰለቱ ፈትቶ በመዳፉ ላይ አስቀመጠለት።

"እስከ ነገ አንተ ጋ ይቀመጥ፤" አለ። "ራሴን አላምነውም።"

በማግስቱ ቁጥር ሰባት ሁለት ደቂቃ አለፈች፣ አራትም አለፈች፤ ከጥምዝ ስትወጣ ሁለቱ ጎማዎቿ አንድ ላይ ይገፋሉ። በመጨረሻው ዙር ባለ ፋርማሲውን አባረረችው፤ በአንድ አፍንጫ ቀደማት። ሁለተኛ ወጡ። እሽጉ ያሸናፊውን እጅ እየጨበጠ ወደ ጥርስ ሠሪው ጆሮ ጠጋ አለ። "ለባላጋራው ጓርኒሲዮን በነጻ የሚሰጥ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ምን ፈልጎ ነው?"

"ጋሼ።"

"እሺ፣ እሺ።"

ዕቃ ሲሰበስቡ ጥርስ ሠሪው እንዲያው በዘበት ጠየቀ። "ደብዳቤው ላይ ተሳስቼ የጻፍኩት ያልከው ስም የማን ነበር?"

እሽጉ የያዘውን ቱቦ አስቀመጠ። ከዚያ ፖስታውን ከኪሱ አወጣ፤ ሽቦው ላይ መቀሱ የነከሰው ጠባሳ ይታያል፣ ማኅተሙ ግን ደህና ነው። "እንካ። ከፈለግክ ክፈተው።"

ጥርስ ሠሪው ተቀበለው። በመዳፉ መዘነው፤ ሦስት ገጽ መሆኑ ያስታውቃል። ወደ ክፍሉ ወሰደና በላይኛውና በታችኛው መንጋጋ መሐል አስነክሶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። ስለሱ ዳግመኛ አላነሳም።

አሁንም እዚያው ነው። እሽጉ ለመኪናዋ ሥራ ወደ ክፍሏ በገባ ቁጥር በጎን ያየዋል። ማኅተሙ አልተነካም፤ ሽቦው አልተላላም። እርግጥ ፖስታ በእንፋሎትም ይከፈታል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሰም ማቅለጫ ምድጃ አለ። ቀረብ ብሎ የማጣበቂያውን ጠርዝ አንድ ጊዜ ብቻ ቢያየው ይበቃው ነበር። እሱ ግን ሁለቱን እጆቹን ኪሱ ይከታል።

"ምን ታያለህ፣ ጋሼ?"

"ምንም። ያ በስተግራ ያለው መንጋጋ ዛሬም ይስቃል።"